የግንቡ ዘበኛ

ሐረር፣ ሸዋ በር
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለኡራኤል፣

እኔ ዮዲት፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ፣ እግዚአብሔርንና የሰፈራችንን እድር ምስክር አድርጌ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ነጩን ጫማህን አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ኑዛዜ ላይ የሚዋሽ ሰው ኃጢአቱ እጥፍ ነው ይላሉ አባባ። ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቄበት ነው የሆነኝ። ሸዋ በር ገበያ ውስጥ የበሰበሰ ቲማቲም ረግጬበት በጥርስ ሳሙና አጥቤዋለሁ። ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። ንስሐዬን ተቀበል።

እንዴት ነህ ለመሆኑ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። የማገገሚያ ማዕከሉ ስልክህን ቀማህ ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ላንተ ሳይሆን ለስልኩ። ይኸው በሹፌሩ በዓሊዪ አውቶቡስ ወረቀት እንላላካለን፣ እንደ አባባ ዘመን ሰው። አባባ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ሰው ልቡን የሚያወጣው በእጅ ጽሑፍ ነው» ብለው እስክሪብቶ ገዙልኝ። እስክሪብቶውን ከሰጡኝ በኋላ ደግሞ «ከባድ ነገር እንዳትጽፊ፣ ልጁ እንዳይረበሽ» አሉ። እንግዲህ ልቤን አውጥቼ ቀላል ቀላሉን ልጽፍልህ ነው።

ለጎረቤት ምን እንዳልን ማወቅ አለብህ፣ ስትመለስ ቃላችን እንዳይጋጭ። ስልጠና ላይ ነህ። የከባድ መኪና ሞተር ስልጠና። የፈጠሩት አባባ ናቸው፣ የገዛ አባትህ። አቦ፣ የእድር ሊቀ መንበር ሲዋሽ እንዴት ያምርበታል! ችግሩ እማዬ አንድ ቀን ረስታ «የኮምፒውተር ነው» አለች። ስለዚህ አሁን የሞተር ኮምፒውተር እየተማርክ ነው። የሚጠይቅህ ሰው ካለ ጉሮሮህን ጠራርገህ «ውስብስብ ነው» በል።

የአባባ ጥቁር ካፖርት ያው ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ለብሰውት መርዶ የሚያደርሱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ካፖርቱ ከሳቸው በላይ ይፈራል። ባለፈው ሳምንት ብርድ ስለሆነባቸው ብቻ ደርበውት ወተት ሊገዙ ወጡ። እትዬ ሀያት በራቸው ላይ አይተዋቸው ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ወንድማቸው ጅቡቲ ነው ያለው። አባባ የወተቱን ዕቃ ከፍ አድርገው እያሳዩ «ወተት ነው! ወተት ነው!» ሲሉ ነበር።

አሁን ከመሄድህ በፊት ወደ ጠየቅከኝ ነገር። አዎ፣ ሴትየዋ አሁንም እዚያው አሉ። ፈላና በር፣ ከበሩ በስተግራ፣ ብርቱካንና ሎሚ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጤነኛ ይመስላሉ፤ ሲነሱ ብቻ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። ይስቃሉ ወይ ላልከው ግን መልሱን አላውቅም፤ ሰው ሲስቅ ለማየት ብዙ መቆየት ያስፈልጋል።

ማን እንደሆኑ አልነገርከኝም። ግን ኡራ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። አንተ በፈላና በር አልፈህ አታውቅም። እዚያ ጎን ጉዳይ ካለህ የከተማዋን ግንብ ተከትለህ ዙሪያውን ሄደህ በኤረር በር ትገባለህ፣ በጠራራ ፀሐይ። «የግንቡ ዘበኛ» ብዬ ስም ያወጣሁልህ ለዚያ ነው፣ ሰፈሩም ተቀብሎኝ ስቆብሃል። አሁን ሳስበው ባላወጣሁልህ እላለሁ።

ጻፍልኝ። አጥንትህ ደህና ነው? እማዬ መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለዋል ስትል ሰምቻለሁ።

ጫማህን አክባሪ፣
ዮዲት

·

ከማዕከሉ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማትታዘዢው ለዮዲ፣

እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፌ የአባባን ቢመስል አትሳቂ። ጫማውን ይቅር ብዬሻለሁ። የጥርስ ሳሙናውን ግን ይቅር አላልኩም።

የብርዱ ነገር አልፏል። አሁን የሚያስቸግረኝ ከሰዓት በኋላው ነው። ጫት የምይዝበት ሰዓት ሲደርስ እጄ ባዶ ይሆናል፤ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ የምጎነጭበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ አፌ። አጠገቤ የሚተኛው ልጅ ባለፈው ሳምንት ሄደ። አልጋውን አንጥፎ ነው የሄደው፣ በጥንቃቄ፣ ተመልሶ እንደሚመጣ ሰው። አልጋውን እያየሁ ነው የምተኛው።

ሲስተር ትዕግሥት የምትባል አማካሪ አለችን። «አረቄውን አቆምክ፣ ጫቱንም አቆምክ። ግን እነሱ ማስታገሻ ነበሩ፤ ቁስሉስ የታል?» አለችኝ። ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኋት። ሳቀች። «እሱ እኮ የዳነው ነው» አለችኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ ካልመለስኩልሽ ራስሽ እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። ሴትየዋ እማማ መርየም ይባላሉ። የነስሮ እናት ናቸው። ነስሮን ታስታውሺው ይሆን? ሚኒባሱ ላይ ረዳቴ ነበር፤ አንቺን በመስኮት አንሥቶ እያስገባ «ይቺን ሴትዮ ሒሳብ ተቀበሏት!» የሚለው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ቤታቸው ከፈላና በር ገባ ብሎ ነው፤ እናቴ፣ አያትሽ፣ ከሞተች በኋላ ከራሴ ቤት ይልቅ እዚያ በልቼ አድጌያለሁ።

በድሬዳዋ መንገድ፣ ደንገጎ ላይ መኪናው ሲገለበጥ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ነስሮ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ «አቦ፣ ዛሬን ብቻ ና» ብዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሱ ሞተ። እኔ ለቅሶ አልደረስኩም። ያኔም፣ ከዚያም ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት። እናቱ ስሜን ሰምተው ቢተፉ መብታቸው ነው።

ይኸው ነው። ሌላ አትጠይቂኝ። ተመልሰሽም እንዳትሄጂ። አባባ ስሙን ጠርተው ያውቃሉ?

አጎትሽ ኡራኤል

·

ሐረር
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ኡራ፣

አንደኛ፣ ይቅርታ። ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያው ይቅርታ ይቅርታ፤ ከልቤ አይደለምና። ሄድኩ።

ብዙ ጊዜ ነው የሄድኩት። ዝም ብዬ አንዲት ሎሚ እየገዛሁ እመለሳለሁ። በመጨረሻ እማማ መርየም ሎሚዋን እንደያዙ አላስረክብም አሉኝ።

«ማነሽ አንቺ? በየቀኑ አንድ ሎሚ! ጉንፋን ነው ወይስ ሰላይ ነሽ?»

«ጉንፋን» አልኩ።

«ዋላሂ ሰላይ ነሽ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ እንደሻው የልጅ ልጅ።»

ሎሚዋ ከእጃቸው ወደቀች። ተንከባላ መንገዱ ጠርዝ ላይ ስትቆም ሁለታችንም እሷን ስናይ ነበር።

«የኡራኤል?»

«የእህቱ ልጅ ነኝ።»

አልተፉም፣ ኡራ። ይህን ቶሎ ልንገርህ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እጃቸው የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ከዚያ ስለ አንተ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። እኔ፣ ምላሴ ከሐረር እስከ ድሬ የሚደርሰው፣ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ብዬ የነቀነቅኩት ውሸት ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር።

ጥያቄዋን አልጽፍልህም። ልጁ እንዳይረበሽ ተብያለሁ፣ በዚህ ላይ ያ ሰው ትቶት የሄደውን አልጋ አስባለሁ። አልተቆጡህም። እሱን ብቻ ያዝ።

ስለ አባባ የጠየቅከኝ፦ ነስሮ የሚለውን ስም ሆን ብዬ ፊታቸው ጠራሁት። ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። ዜና አልነበረም፤ ስለ በቆሎ ተባይ ነበር የሚያወራው። እስከ መጨረሻው አዳመጡት። እኛ ቤት ደግሞ በቆሎ የሚበቅልበት ቦታ የለም።

አልከፋህም አይደል?

ዮዲ

·

ከማዕከሉ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮዲ፣

ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን ሻንጣዬን ይዤ እስከ ግቢው በር ሄጄ ነበር። ልወቅስሽ አይደለም የምጽፈው፤ እንድታውቂው ነው። ከበሩ ማዶ አንዲት ሱቅ አለች። ምን እንደምትሸጥ ይገባሻል። ሲስተር ትዕግሥት መጣችና ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። አልከለከለችኝም። «መሄድ ትችላለህ፤ ግን መጀመሪያ ስለ ሆስፒታሉ ንገረኝ» አለች። ነግሬያት ስጨርስ ሱቋ ተዘግታ ነበር።

ለእሷ የነገርኳትን ላንቺም ልጻፍ። ዕድሜሽ ገና ነው ይሉኛል። እኔን የጎዳኝ ግን ገና ነው የሚል ሰው ነው።

ሆስፒታል ነቅቼ መጀመሪያ የጠየቅኩት ነስሮን ነው። አባባ «ድሬዳዋ አስተኝተውታል፤ እየተሻለው ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። ሲመጡ ብርቱካን ይዘው ነው፤ «የነስሮ እናት የላኩልህ ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ግማሹን ለይቼ «ለነስሮ አድርሱልኝ» እላለሁ። «እሺ ልጄ» ብለው በፌስታል ቋጥረው ይወስዳሉ። በመጡ ቁጥር እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን አጠገቤ የተኛውን በሽተኛ ልትጠይቅ የመጣች ሴት አየችኝና «ይሄ ነው ያ ጓደኛው የሞተበት ልጅ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እንዲህ ነው የሰማሁት። ከሰዓት በኋላ አባባ መጡ፣ ብርቱካን ይዘው። ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ግማሹን ለየሁ። «ለነስሮ» አልኩ። «እሺ ልጄ» አሉ። ፌስታሉን ሲቋጥሩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ማወቄን አያውቁም። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

የሰፈሩን መርዶ ሁሉ ያደረሱ ሰው ናቸው፣ ዮዲ። ሰው እንዴት እንደሚያዝ፣ ማን ደግፎ እንደሚያስቀምጠው፣ ከመናገራቸው በፊት ውኃ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። የእኔን ግን አላደረሱልኝም። መርዶ ያልተነገረው ሰው እንዴት ብሎ ያለቅሳል? ከማን ጋር? በምን ቀን? ይህን ጥያቄ አረቄው ዝም ያሰኝልኝ ነበር፤ አረቄው ሲያልቅ ጥያቄው ይመለሳል፣ ሌላ አረቄ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ አትዘኚልኝ። እዚህ ያደረሱኝ የሚያዝኑልኝ ሰዎች ናቸው። እማማ መርየም ምን ብለው ነው የጠየቁሽ?

ኡራኤል

·

ሐረር
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡራዬ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻህን እንዳታነበው። አሁን እጠፈውና ሲስተር ትዕግሥትን ጥራት። እጠብቃለሁ።

መጣች? እሺ። ጤና ይስጥልኝ ሲስተር።

የጠየቁኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «ልጁ ዛሬም ከአልጋው አልተነሳም? እግሩ አልታዘዝ እንዳለው ቀረ?»

እኔም እንዳንተ ነው የደነገጥኩት። በኋላ እያዋዛሁ አወጣጣኋቸው። አንተ ለቅሶ ስትቀር እማማ መርየም «ምነው ልጄ ቀረ?» ብለው አስጠየቁ። አባባ ሄዱ። ሞቱን ደብቄው ነው ማለት አቃታቸው። ወገቡ ተሰብሯል፣ መራመድ አይችልም፣ አዲስ አበባ ወስደነዋል አሏቸው። ያው፣ የሞተር ኮምፒውተር። የኛ ቤት ውሸት እንዲህ ነው የሚፈበረከው፤ ሰው እንዳያዝን።

እና እማማ መርየም ስድስት ዓመት ሙሉ ጁምዓ በመጣ ቁጥር እግሮችህ እንዲንቀሳቀሱ ዱዓ ሲያደርጉ ኖረዋል። አንተ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ እሳቸውን ላለማየት ግንቡን ስትዞር። ኡራ፣ መሳቅ ኃጢአት ነው፣ ግን ዱዓው ከተለመነው በላይ ሠርቷል፤ ሐረር ውስጥ እንደ አንተ የሚራመድ ሰው የለም።

አባባን በምሳ ላይ ያዝኳቸው። «አባባ፣ የአጎቴ ወገብ መቼ ነው የተሰበረው?» አልኩ። የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ዮዲት! ማዕድ ላይ!» አለች እማዬ።

«ተያት አስቴር» አሉ። ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። ሬዲዮኑን አልፈለጉትም። «እስኪጠነክር ልጠብቀው ብዬ ነው። ዛሬ ነገ ስል መርዶው አረጀብኝ። ያረጀ መርዶ ምን ተብሎ ይጀመራል?»

ይህን የጠየቁት እኔን ነበር። የእድሩ ሊቀ መንበር፣ እኔን!

አንተ ግን ማወቅህን አልነገርኳቸውም። እሱ ያንተ ነው።

ሌላም አለ። ለነስሮ የምትልከው ግማሽ ብርቱካን የት ይሄድ እንደነበር አስበህ ታውቃለህ? እኔ ነበርኩ የምበላው። ትዝ አለኝ። ልጣጩን ጥርስ አድርጌ አፌ ላይ ለጥፌ ለአባባ እስቅላቸው ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የልጣጩ ጭማቂ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ይመስለኝ ነበር።

ጻፍልኝ። ዛሬውኑ። ሻንጣህን ከአልጋ ሥር አድርገው፣ ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ጋ።

ዮዲ

·

ሐረር
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡራ፣

ዓሊዪ ባዶ እጁን መጣ። በሚቀጥለውም ባዶ እጁን መጣ። «አብሽሪ፣ ይጽፋል» ይለኛል፣ ደግሞ ዓይኔን አያየኝም።

እማዬ ማዕከሉ ስልክ ደውላ «አለ» አሏት። አለ ማለት ምን ማለት ነው? ድንጋይም አለ።

አባባ አውቶቡስ በሚገባበት ቀን ሁሉ «እግሬን ላፍታታ» ብለው መናኸሪያ ይሄዳሉ። ጾሙ አድክሟቸዋል። ተመልሰው ሲመጡ አልጠይቃቸውም፤ እሳቸውም አይጠይቁኝም። ቤታችን ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮኑ ብቻ ነው። እማማ መርየምም ረመዳን ይዘው ፈዘዋል። እኔን ሲያዩ ግን «ልጁስ?» ይላሉ፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። አንገቴ ደከመው።

መጻፍ አልነበረብኝም ይሆን? ከባድ ነገር አትጻፊ ያሉኝ ለዚህ ነበር? ባዶ ወረቀት ብትልክም ይበቃኛል። ብቻ አጣጥፈው፣ እጥፉን አውቀዋለሁ።

ዮዲ

·

ከማዕከሉ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮዲዬ፣

አለሁ። እንደ ድንጋይም ቢሆን። ስላስጨነቅኩሽ ይቅር በይኝ፤ እጄ ሳይሆን ቃሉ ነው እምቢ ያለኝ።

ደብዳቤሽን እንዳዘዝሽው ሲስተር ትዕግሥት አጠገቤ ሆና አነበብኩት። ዱዓው ጋ ስደርስ ሳቅኩ። ሳቁ አልቆም አለኝ። ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ወጥቼ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተቀመጥኩና ነስሮን በስሙ እየጠራሁ አለቀስኩ። አብረውኝ ያሉት ልጆች መጥተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። አንዱ ፎጣውን እንደ ለቀስተኛ ነጠላ አዘቅዝቆ ለበሰው። ነስሮን የማያውቁ ሰዎች ተራ በተራ «እግዜር ያጥናህ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሉኝ። ያጥናህ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ዮዲ። የሞተብኝ መሆኑን ማንም አምኖልኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ተኛሁ። ጻፍ ሲሉኝ «ዮዲ» ብዬ እጀምራለሁ፣ እዚያው ይቀራል።

ሌላም ልንገርሽ፤ መውጫዬ ደርሷል። ሲስተር ትዕግሥት «ዳንክ» አላለችኝም። «ጀመርክ» ነው ያለችኝ። ቅዳሜ ድሬዳዋ አድሬ እሑድ መጋቢት 28 ጠዋት እገባለሁ፤ ደንገጎን በብርሃን ማለፍ እፈልጋለሁ። ከዚያ ፈላና በር ለመሄድ አስባለሁ። አስባለሁ ነው ያልኩት። ከመኪና ወርጄ እዚያ እስክደርስ ስንት አረቄ ቤት እንዳለ አንቺ አታውቂም፤ እኔ የእያንዳንዱን በር ድምፅ አውቃለሁ። አንዱ ውስጥ ከገባሁ መውጣቴን እንጃ።

ስለዚህ መጥተሽ አትጠብቂኝ። የቀረሁ እንደሆነ ስቀር የሚያየኝ ሰው አልፈልግም። ለእማማ መርየምም እንዳትነግሪ። በእግሬ መጥቼ እሳቸው ራሳቸው ይዩኝ።

ጫማዬን ግን እጠቢልኝ። በሳሙና።

ኡራኤል

·

ፈላና በር
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ኡራ፣

ይህን በእጄ እሰጥሃለሁ። ካልመጣህ ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።

አትጠብቂኝ ስላልከኝ እየጠበቅኩህ አይደለም። በአጋጣሚ ከብርቱካን ሣጥን ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ነው። ጫማህ ታጥቧል። ታጥቦ እግሬ ላይ ነው ያለው፤ በእጅ ይዤው ብሮጥ ይቆሽሽብኛል ብዬ።

ለማንም አልተናገርኩም፣ በመስቀሉ። ደብዳቤዎችህን ግን ከትራሴ ሥር አባባ አግኝተው አንብበዋቸው ኖሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገር ይያዝልኝ እል ነበር።

ጎህ ሲቀድ የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አባባ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። እማዬ በሌሊት ልብሷ ዘልላ ወጣች።

«ወይኔ! ማን ሞተ?»

«ነስሮ» አሉ አባባ። ሌላ ምንም አላሉም። ስሙን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ተከተልኳቸው። እትዬ ሀያት ከበራቸው ብቅ ብለው «ያ ረቢ! ማን ጋ ነው?» ሲሉ አባባ ሳይቆሙ «እርስዎ ጋ አይደለም» አሏቸው። ግንቡ ጥግ ጥጉን ሄድን፤ አንተ የምትዞርበትን መንገድ። አባባ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ። እዚህ ስንደርስ እማማ መርየም ብርቱካናቸውን እየደረደሩ ነበር። የሹዋሊድ በዓል ስለሆነ ገበያ ይደራል ብለው በጠዋት ነው የወጡት።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልክ መርዶ እንደሚያደርሱት ቆሙ፣ እጃቸውን አጣምረው።

«መርየም» አሉ፣ «ልጄ ይራመዳል። ያኔም ይራመድ ነበር። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ለቅሶ የቀረው የነስሮን ሞት ደብቄው ነው። በኋላ ሲሰማም ብቻውን ነው የሰማው።»

እማማ መርየም በእጃቸው የያዙትን ብርቱካን ቦታው ላይ አስቀመጡ። አስተካከሉት። እንደገና አስተካከሉት።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ጁምዓ ጁምዓውን ሁሉ?»

አባባ አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲያው ዱዓዬን ማን ወሰደው?»

እማማ መርየም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ዕቃዬን ይጠብቁልኝ አቶ እንደሻው» አሉና በበሩ አልፈው ወደ ውስጥ ገቡ። አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ይቅር አሉ አላሉ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም።

ይኸው አባባ ብርቱካን እየሸጡ ነው። በመርዶ ካፖርት! ዋጋ ሲጠይቋቸው «እንደ ሕሊናህ» ይላሉ። የሚያውቋቸው ሰዎች ከሩቅ አይተው መንገድ ያቋርጣሉ። አንዲት ደፋር ሴት ቀርባ «ማን ሞቶ ነው ብርቱካን የሚሸጠው?» አለቻቸው። ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር ነበር። አሁን ግን እጃቸውን አየሁት፤ ብርቱካኑን በፌስታል ሲቋጥሩ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ እንደጻፍክልኝ።

ፀሐይዋ ወጥታ ግንቡን አለፈች። የድሬ ሚኒባሶች ገብተዋል፤ ከሸዋ በር በኩል የሚመጣ ሰው ሻንጣና ዘንቢል ይዞ እየፈሰሰ ነው። አንተን የመሰለ ሰው ብዙ አለ። ሲቀርብ ግን አንተ አይደለህም። ግንቡን ተከትዬ ጠርዙ ድረስ ሮጬ አየሁ፤ ዘበኛው የለም። አረቄ ቤቶቹን አላየሁም። ጫማው ያንተ ስለሆነ መንገዱን ያውቀዋል ብዬ ፈራሁ።

ኡራ፣ ባትመጣም አጎቴ ነህ። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። አንዱ ቤት ገብተህ ከሆነ በሩ ያው ከውስጥም ይከፈታል። አባባ እዚህ ተቀምጠዋል፣ እስኪመሽም የሚነሡ አይመስለኝም። እሳቸው መንገዱን በቀኝ ያያሉ፣ እኔ በግራ። ዓይኔን አልነቅልም። የምጽፈውም ሳላይ ነው፤ መስመሬ ቢጣመም ለዚያ ነው።

አባባ ድንገት ተነሡ። ካፖርታቸውን እየቆለፉ ነው። አይ፣ እየፈቱ ነው። መንገዱን አይደለም የሚያዩት። ከኋላዬ ነው የሚያዩት፣ የበሩን ውስጥ፣ ከኤረር በር የሚመጣውን መንገድ። የእማማ መርየም ድምፅ ይሰማኛል፤ «ቀስ በል፣ ድንጋዩ ያዳልጣል» እያሉ ነው። ለማን ነው ቀስ በል የሚ

«ዮዲት! አውልቂ ጫማዬን!»